የሥራ ጭንቀት፦ ሰውን የሚጎዳው የሥራው ብዛት ብቻ አይደለም

ከቤር ሼቫ ተነስተው በ60 ቁጥር መንገድ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደተጓዙ ዖሜርን ያገኛሉ። በኑሮ ደረጃቸው በአገሪቱ ከፍተኛ ከሚባሉት ጥቂት ቦታዎች አንዷ ናት። ሐኪሞች፣ የዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ መሐንዲሶችና ሥራ አስኪያጆች ይኖሩባታል። ከመኖሪያ ቤቶቹ አጠገብም የኢንዱስትሪ አካባቢ አለ። በየማለዳው ከቤር ሼቫ ሰፈሮች ወደዚህና ወደ ሌሎች የኔጌቭ የሥራ ቦታዎች የሚጓዙ ብዙ ሠራተኞች አሉ። አንዳንዱ ማሽን ላይ ይቆማል፣ አንዳንዱ በር ይጠብቃል፣ አንዳንዷ ቤትና ቢሮ ታጸዳለች፣ አንዳንዷ አረጋውያንን ትጦራለች። ከእነዚህ መካከል ወገኖቻችን ጥቂት አይደሉም።

ሥራ አስኪያጁም የጽዳት ሠራተኛዋም ማታ ደክሟቸው ወደ ቤታቸው ይገባሉ። ከሁለቱ የሥራ ጭንቀት ጤናውን ይበልጥ የሚጎዳበት ማን ነው? ብዙ ሰው ሲጠየቅ «ኃላፊነት የተሸከመው፣ ስልኩ የማያርፈው አለቃ ነዋ» ብሎ ይመልሳል። የሕክምና ምርምር ያሳየው ግን ተቃራኒውን ነው። ስለ ሥራ ጭንቀት ማወቅ ለእኛ ለሠራተኞች የቅንጦት ጉዳይ ያልሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

«ላሐጽ» እና «ሽሒካ»

በዚህ አገር ሠርቶ «ላሐጽ» የሚለውን የዕብራይስጥ ቃል ያልሰማ ሰው የለም። ትርጉሙ ግፊት፣ መጫን ማለት ነው። ጊዜ ያጠረው ሠራተኛ «ላሐጽ አለብኝ» ይላል፤ ሐኪሙም የደም ግፊትን «ላሐጽ ዳም» ብሎ ይጠራዋል። በፋሲካ ሌሊት በሚነበበው ሐጋዳ ውስጥ አባቶቻችን በግብፅ የደረሰባቸው ጭቆና የተጠራውም በዚሁ ቃል ነው። አንድ ቃል የሥራን ጫናና የደም ሥርን በሽታ አንድ ላይ መያዙ እንዲያው የሆነ ነገር ቢመስልም፣ ሁለቱ በእርግጥ የተዛመዱ ናቸው።

ሌላው ቃል «ሽሒካ» ነው። ዘመን የቆየ የወፍጮ መጅ እየተፈተገ እንደሚሳሳ ሁሉ፣ ሰውም በሥራ ብዛት ተፈትጎ ሲያልቅ ሽሒካ ደረሰበት ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባጸደቀውና ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች መዝገብ ስለዚህ ጉዳይ ጽፏል። ራሱን የቻለ በሽታ ነው አላለም፤ ለረጅም ጊዜ መፍትሔ ካላገኘ የሥራ ጭንቀት የሚመጣ ነገር መሆኑን ግን አስታውቋል። ምልክቶቹን ሦስት አድርጎ ዘርዝሯል፦ የጉልበትና የመንፈስ መሟጠጥ፣ ከሥራው በልብ መራቅና ሥራውን መጥላት፣ እንዲሁም የሥራ ውጤት መቀነስ።

ጭንቀት ሁሉ ክፉ ነው ማለት ግን አይደለም። ለፈተና የሚቀመጥ ተማሪ ወይም አዲስ ሥራ የጀመረ ሰው ትንሽ ቢጨነቅ ይተጋል፣ ይነቃል። ችግር የሚሆነው ጭንቀቱ መጥቶ የማይሄድ ሲሆን ነው።

በሰውነታችን ውስጥ ምን ይሆናል?

በገጠር ያደገ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። በምሽት መንገድ ላይ ጅብ ቢያጋጥምዎ ልብዎ በኃይል ይመታል፣ ትንፋሽዎ ይፈጥናል፣ አፍዎ ይደርቃል፣ ጡንቻዎ ይወጠራል። አሜሪካዊው ሐኪም ዋልተር ካነን ይህን ሁኔታ ለመዋጋት ወይም ለመሸሽ የሚደረግ የሰውነት ዝግጅት ብሎ አስረድቶታል። አድሬናሊን የተባለው ቅመም በደም ውስጥ ይረጫል፣ ጉበት የያዘውን ስኳር ለጡንቻዎች ይለቃል፣ የምግብ መፈጨት ለጊዜው ይዘገያል። ጅቡ ሲሄድ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ሐንስ ሴልዬ የተባለው ተመራማሪ ደግሞ በ1936 ባወጣው ጽሑፍ፣ ሰውነት እንዲህ ያለ ጫና ሳያቋርጥ ሲበዛበት በመጨረሻ እንደሚዝልና እንደሚጎዳ አመለከተ።

በሥራ ቦታ ያለው ጅብ ግን አይሄድም። የሚያመናጭቅ ተቆጣጣሪ፣ ነገ ይቀየር አይቀየር የማይታወቅ ፈረቃ፣ እመባረራለሁ የሚል ስጋት፣ የማይገባ ደሞዝ ከዕለት ወደ ዕለት ይቀጥላሉ። ሰውየው ቤቱ ገብቶ እንኳ ሰውነቱ እንደተዘጋጀ ያድራል። ኮርቲሶል የተባለው ቅመም ከፍ ብሎ ሲቆይ የደም ግፊት ይጨምራል፣ በደም ውስጥ ያለው ስኳር ይበዛል፣ ሆድ አካባቢ ስብ ይከማቻል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ በሽታን የመከላከል አቅም ይደክማል። ሰው በዚህ ላይ ለማስታገሻ ብሎ ሲጋራና መጠጥ ሲጨምርበት ጉዳቱ ይበረታል።

የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት በ2021 በጋራ ባወጡት ጥናት መሠረት፣ በ2016 ብቻ ከረጅም የሥራ ሰዓት ጋር በተያያዘ የልብ በሽታና የአንጎል ምት (ስትሮክ) 745,000 ያህል ሰዎች ሞተዋል። በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ጋር ሲነጻጸር፣ በአንጎል ምት የመያዝ አደጋው በ35 በመቶ፣ በልብ ሕመም የመሞት አደጋው ደግሞ በ17 በመቶ ይበልጣል። ሁለትና ሦስት የሥራ ቦታ ደርበው ለሚሮጡ ወገኖቻችን ይህ ቁጥር የሩቅ ወሬ አይደለም።

አለቃው ወይስ ተላላኪው?

አሁን በመግቢያችን ላይ ወዳነሳነው ጥያቄ እንመለስ። በእንግሊዝ አገር በ1967 «ዋይትሆል» የተባለ ጥናት ተጀመረ። ጥናቱ 18,000 ገደማ የሚሆኑ ወንድ የመንግሥት ሠራተኞችን ለብዙ ዓመታት ተከታተለ። ሁሉም ቋሚ ደሞዝ ነበራቸው፣ ሁሉም ነጻ ሕክምና ያገኙ ነበር። ቢሆንም በዝቅተኛው ደረጃ ያሉት ተላላኪዎችና በር ጠባቂዎች የሞት መጠን ከከፍተኛ ባለሥልጣኖቹ ጋር ሲነጻጸር ሦስት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። ሲጋራ ማጨስና የመሳሰለው ምክንያት ቢቆጠርም የልዩነቱን አብዛኛውን ክፍል ማስረዳት አልተቻለም። በ1985 በተጀመረው ሁለተኛ ጥናት ላይ ሴቶችም ተካተቱ። ጥናቱን የመሩት ማይክል ማርሞትና ባልደረቦቻቸው እንዳሳዩት፣ በሥራው ላይ የመወሰን ሥልጣን የሌለው ሰው ለልብ በሽታ ይበልጥ የተጋለጠ ነው።

አሜሪካዊው ተመራማሪ ሮበርት ካራሴክ በ1979 ይህንኑ በሌላ መንገድ አስቀምጦት ነበር። ሥራ መብዛቱ ብቻውን ሰውን አይጥልም። ሰውን የሚጥለው ብዙ ሥራ እየተጠየቀ በሥራው ላይ ምንም የመወሰን መብት ሳይኖረው ሲቀር ነው። አለቃው ሲደክመው ስብሰባውን ያስተላልፋል፣ ቡናውን ይጠጣል፣ ሥራውን ለሌላ ያከፋፍላል። የጽዳት ሠራተኛዋ ግን ፎቁ በዚህ ሰዓት እንዲያልቅ ታዝዛለች፤ ውኃ መያዣው ቢሰበር፣ የሥራ ጓደኛዋ ብትቀር፣ ጀርባዋን ቢያማት የሚለወጥ ነገር የለም።

ይህ ነገር ለእኛ አዲስ ሊሆንብን አይገባም። በኦሪት ዘፀአት የተጻፈውን እናስታውስ። ፈርዖን የእስራኤልን ልጆች ይበልጥ ማስጨነቅ በፈለገ ጊዜ ያደረገው የጡቡን ቁጥር ማብዛት አልነበረም። የጡቡ ቁጥር እንደቀድሞው ሆኖ ይሰጣቸው የነበረው ጭድ ግን ተከለከለ። ሥራው ያው ሆኖ መሥሪያው ሲወሰድ ሰው ይሰበራል። በዘመናችንም የሥራ ጭንቀት የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ጡብ እየተጠየቀ ጭድ ሲከለከል ነው።

ከሞፈርና ቀንበር ወደ ፈረቃ

ወገኖቻችን ሥራ ፈርተው አያውቁም። በጎንደር፣ በሰሜንና በወልቃይት ያረሱ፣ ብረት የቀጠቀጡ፣ ሸክላ የሠሩ፣ ሸማ የለበሱ ሳይሆን የሸመኑ እጆች ናቸው። ሥራው ከባድ ነበር፤ ረሃብም፣ የመሬት ጌታም፣ «ቡዳ» እያሉ መሸሽም ነበር። ኑሮው ገነት ነበር ብሎ የሚናገር ቢኖር ያልኖረበት ነው። ነገር ግን ገበሬ በሬውን መቼ እንደሚጠምድ ራሱ ይወስናል። ክረምት ለእርሻ፣ ጥቅምትና ኅዳር ለአጨዳ መሆኑን ያውቃል። ሥራ ሲበዛበት በወንፈልና በደቦ ጎረቤት ይጠራል። ሰንበት ሲገባ ሁሉም ያርፋል።

እዚህ ስንመጣ ጉልበት የሚጠይቀው ሥራ ቀለለ፤ ልብ የሚያደክመው ግን በዛ። ቋንቋው ሌላ፣ ሰዓቱ ሌላ፣ የሥራ ትእዛዝ የሚሰጠው ሰው ዕድሜው ከልጃችን ያነሰ ሆነ። ሽማግሌ ሲመጣ ይነሱለት የነበረ አባት በስሙ እንኳ በትክክል የማይጠራበት ቦታ ቆመ። የቆዳ ቀለም ታይቶ የሚሰነዘር ንቀትና ዘረኝነትም የሥራ ጭንቀት አካል ነው፤ ሰውነት ስድብን ከሌላ አደጋ ለይቶ አያይም።

ከ1980ዎቹ ጀምሮ በኢትዮጵያውያን ዖሊም ላይ የተደረጉ የሕክምና ጥናቶች፣ ብዙዎች ሲመጡ ቀጭንና የደም ግፊታቸው ዝቅተኛ እንደነበረ፣ ከዓመታት በኋላ ግን ክብደትም፣ የደም ግፊትም፣ የስኳር በሽታም እየጨመረ እንደሄደ አሳይተዋል። ለዚህ ምግቡ፣ ነጭ ዱቄቱ፣ ጣፋጩ መጠጥና በእግር መሄድ መቅረቱ ትልቅ ድርሻ አላቸው። ሆኖም ሰዓት ተዛብቶ የሚበላ፣ ሌሊት የሚሠራና ሲጨነቅ የሚኖር ሰው ይህን ሁሉ ማስተካከል ይከብደዋል።

«ሆድ ይፍጀው» ማለት ሲበዛ

በባህላችን ችግርን ችሎ መኖር ጨዋነት ነው። የከፋው ሰው «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ዝም ይላል። ይህ ትዕግሥት በበረሃና በሱዳን መንገድ ያሳለፈን ትልቅ ሀብት ነው። ነገር ግን ሆድ የሚፈጀው ነገር ሲበዛ ራሱ ሆዱ ይታመማል።

ደግሞ የምንናገርበት መንገድ ከሐኪሙ ጋር አያግባባንም። አንዲት እናት በሥራ ቦታ በደል ደርሶባት «ሆዴ ተቃጠለ፣ ልቤን አፈነኝ፣ አንጀቴ አረረ» ብትል ማንኛውም አማርኛ ተናጋሪ ኀዘኗን ይረዳል። ቃሉ ቃል በቃል ሲተረጎምለት ግን ሐኪሙ የጨጓራ መድኃኒት ይጽፋል፣ ወይም የልብ ምርመራ ያዛል። ምርመራው ምንም አያሳይም። እናቲቱ «አላወቀልኝም» ብላ፣ ሐኪሙም «ምንም የለባትም» ብሎ ይለያያሉ። ሁለቱም አልዋሹም፤ ግን አልተገናኙም።

ስለዚህ ሐኪም ዘንድ ሲገቡ ሁለት ነገር ይናገሩ። የሚያምዎትን ቦታ ይንገሩ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ በሥራ ቦታ የሆነውን ይንገሩ። «ዬሽ ሊ ላሐጽ ባዓቮዳ»፣ ማለትም «በሥራ ቦታ ጭንቀት አለብኝ» የምትለው አጭር ዓረፍተ ነገር ብዙ በር ትከፍታለች። ስንት ሳምንት እንደሆነዎት፣ እንቅልፍ እንደሚያጡ ወይም እንደማያጡ ይጨምሩ። አስተርጓሚ ካስፈለገ በኩፓት ሖሊም በኩል ይጠይቁ፤ ልጅዎን አስተርጓሚ አያድርጉ። ልጅ ፊት የማይነገር ነገር አለ፤ ልጁም የማይሸከመውን ሸክም ይሸከማል። በ1998 የተመሠረተው «ጤና ብሪኡት» የተባለው ማኅበርም የኢትዮጵያውያንን ጤና በራሳቸው ቋንቋና ባህል ለማስተማር የተነሳ ነው።

የቤር ሼቫው ምሁር ጥያቄ

ስለ ጭንቀትና ጤና በዓለም ዙሪያ ሲጠቀስ የሚኖር አንድ ስም ከዚሁ ከቤር ሼቫ የወጣ ነው። አሮን አንቶኖቭስኪ በ1923 በኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን ተወለዱ፤ በ1960 ወደ እስራኤል መጡ። በኋላም በኔጌቭ የቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ክፍል ሲቋቋም ከመሥራቾቹ ጋር ሠርተው በዚያ አስተማሩ። በ1994 አረፉ።

አንቶኖቭስኪ በእስራኤል የሚኖሩ ሴቶችን ጤና ሲያጠኑ ከመካከላቸው በናዚ ካምፖች ውስጥ ያለፉ ነበሩ። ካምፕ ካላዩት ሴቶች 51 በመቶዎቹ ጥሩ የመንፈስ ጤና ሲኖራቸው፣ ከካምፕ ከተረፉት ግን 29 በመቶዎቹ ብቻ ነበሩ። ሌላ ሰው ቢሆን «መከራ ጤናን ይጎዳል» ብሎ መዝገቡን ይዘጋ ነበር። እሳቸው ግን ጥያቄውን ገለበጡት። ያን ሁሉ መከራ አልፈው፣ አገር ለውጠው፣ ጦርነት አይተው ከመቶ 29ኙ እንዴት ጤነኛ ሆኑ? ሰውን የሚያሳምመው ምንድን ነው ከማለት ይልቅ ሰውን ጤነኛ አድርጎ የሚያቆየው ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። በ1979 እና በ1987 ባሳተሟቸው መጻሕፍት መልሱን በሦስት ነገር አስቀመጡት፦ የሚደርስብንን ነገር መረዳት፣ ለመቋቋም የሚያስችል አቅምና ረዳት እንዳለን ማወቅ፣ እንዲሁም የምንደክምለት ነገር ትርጉም ያለው መሆኑ።

ከቤር ሼቫ የወጣው ይህ ትምህርት ወደ ሥራ ቦታችን ሲመለስ ምን ይመስላል?

አንደኛ፦ መረዳት

ያልገባን ነገር ከሚገባን ይበልጥ ያስጨንቃል። በየወሩ የሚሰጠውን «ትሉሽ»፣ ማለትም የደሞዝ ዝርዝር፣ ሳያነቡ አያስቀምጡ። ካልገባዎት የሚያነብልዎ ሰው ይፈልጉ። በ2002 በወጣው ሕግ መሠረት አሠሪ ሥራ በተጀመረ በ30 ቀን ውስጥ የሥራውን ሁኔታ በጽሑፍ መስጠት አለበት። ሊታወቁ የሚገባቸው ሌሎች ነጥቦችም የሚከተሉት ናቸው፦

ከሚያዝያ 2018 ጀምሮ መደበኛው የሥራ ሳምንት 42 ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ ለሚሠራ ለዕለቱ የመጀመሪያ ሁለት ትርፍ ሰዓታት 125 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ 150 በመቶ ይከፈላል።

በቀን ስድስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ለሚሠራ ሰው ቢያንስ የ45 ደቂቃ ዕረፍት ይገባዋል፤ ከዚህም ግማሽ ሰዓቱ ሳይቆራረጥ መሆን አለበት። በአንድ የሥራ ቀንና በሚቀጥለው መካከል ቢያንስ 8 ሰዓት ዕረፍት፣ በሳምንት ደግሞ 36 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት በሕግ ተደንግጓል።

በ1976ቱ የሕመም ክፍያ ሕግ መሠረት በየወሩ አንድ ቀን ተኩል የሕመም ፈቃድ ይጠራቀማል፤ ጣሪያው 90 ቀን ነው። የመጀመሪያው ቀን አይከፈልም፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን ግማሽ፣ ከአራተኛው ቀን ጀምሮ ሙሉ ይከፈላል። ታሞ ሥራ መግባት ታማኝነት አይደለም፤ በሽታን ማስረዘም ነው።

በጽዳት፣ በጥበቃና በምግብ አቅርቦት በ«ቃብላን» በኩል ለሚሠሩ፣ በ2011 የወጣው ሕግ ሥራውን የሚያሠራውን ድርጅት ጭምር ተጠያቂ ያደርጋል። «እኔ አላውቅም፣ ቃብላኑን ጠይቁ» የሚለው መልስ ሁልጊዜ አያዋጣም።

ሁለተኛ፦ አቅምና ረዳት

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብለዋል አባቶች። በሥራ ቦታ ብቻውን የሚቆጣ ሰው «ተቸጋሪ» ይባላል፤ ሦስትና አራት ሆነው በጨዋ ቋንቋ ሲያመለክቱ ግን ጥያቄ ይሆናል። የሠራተኞች ኮሚቴ ካለ ይቅረቡ። ከሌለም ሂስታድሩትን ወይም የሠራተኛ መብት የሚያስጠብቁ ማኅበራትን ይጠይቁ። በቤር ሼቫም የሥራ ፍርድ ቤት አለ። የሆነውን ነገር በቀኑና በሰዓቱ በደብተር መያዝ ልማድ ይሁንልዎ።

በሥራ ላይ ወይም ወደ ሥራ በመሄጃና በመመለሻ መንገድ ጉዳት ከደረሰ የሥራ አደጋ ስለሆነ ከአሠሪው ቅጽ 250 ተቀብለው ወደ ኩፓት ሖሊም ይሂዱ። ቢጡአሕ ሌኡሚ ጉዳቱን ካጸደቀ እስከ 91 ቀን የሚደርስ አበል ይከፍላል። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ደግሞ፣ በሥራ ላይ ከተነሳ ያልተለመደ ኃይለኛ ጠብ ወይም ድንጋጤ በኋላ የመጣ የልብ ድካም እንደ ሥራ አደጋ ሊቆጠር መቻሉ ነው። ለዚህ ግን ሐኪም ዘንድ በመጀመሪያ ሲደርሱ የሆነውን ነገር መናገርና በመዝገብ ላይ እንዲጻፍ ማድረግ ያስፈልጋል።

ሌላው አቅም ሰውነት ራሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ይህ በሳምንት አምስት ቀን የግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ ማለት ነው። አንድ ሁለት ፌርማታ ቀድሞ ከአውቶቡስ መውረድ ይበቃል። የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ሰው በፈረቃው መጨረሻ ሰዓቶች ቡና ባይጠጣ፣ ቤት ሲገባ ክፍሉን አጨልሞ ስልኩን ዘግቶ ቢተኛ ይመረጣል። የቤተሰቡም ሰው «ቀን ቀን ይተኛል» ብሎ ሳይታዘብ ጸጥታ ይስጠው። እንቅልፍ ለማምጣት ብሎ አረቄ ወይም ቢራ መጠጣት እንቅልፉን ይቆራርጠዋል እንጂ አያሻሽለውም።

ቡናችንንም እናስታውስ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ሰዓት የሚወስደው መጠጡ ሳይሆን ወሬው ነው። የከፋው ይናገራል፣ የሰማ ይመክራል፣ የተጣላ ይታረቃል። ከሥራ መልስ ሁሉም በየስልኩ ላይ ከሚያቀረቅር በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ጎረቤት ተጠርቶ ቡና ቢጠጣ መድኃኒት ነው። ቄሶችና ሽማግሌዎችም የሚመክሩት ለባልና ሚስት ጠብ ብቻ አይደለም፤ በሥራ የተሰበረ ሰውም ሊሄድባቸው ይችላል።

ሦስተኛ፦ ትርጉም

ሥራ ለኑሮ ነው፤ ኑሮ ግን ለሥራ ብቻ አይደለም። ሌሊት በር የሚጠብቅ አባት ልጁን በዩኒቨርሲቲ እያስተማረ ከሆነ ያ ሌሊት ትርጉም አለው። ነገር ግን ይህን ልጁ ማወቅ አለበት፤ ብዙ ልጆች ወላጆቻቸው በሥራ ላይ የሚያሳልፉትን አያውቁም። ይንገሯቸው። ለማሳዘን ሳይሆን ለማሳወቅ ይንገሯቸው።

ትርጉም የሚሰጠው ሥራም ሰውን ሊያደክም ይችላል። ነርሶች፣ የአረጋውያን ተንከባካቢዎችና የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞች ሥራቸውን ስለሚወዱ ብቻ አይደክሙም ማለት አይደለም። ከጥቅምት 7 ቀን 2023 ዓ.ም. በኋላ በሶሮቃ ሆስፒታልና በመላው ኔጌቭ የጤና ሠራተኞች ያሳለፉት ይህን በግልጽ አሳይቷል። ሌላውን የሚረዳ ሰውም ረዳት ያስፈልገዋል።

ወደ ሐኪም መሄድ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ደረትዎን ተጭኖ የሚይዝ፣ ወደ ክንድ፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ጀርባ የሚሄድ ሕመም፣ ከቀዝቃዛ ላብና ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ «ጭንቀት ነው፣ ያልፋል» ብለው አይጠብቁ። ወዲያውኑ በ101 ለማጌን ዳቪድ አዶም ይደውሉ። አፍ ሲጣመም፣ አንድ ወገን ሲዝል፣ ንግግር ሲተሳሰርም እንዲሁ።

ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ እንቅልፍ ካጡ፣ ምግብ ካስጠላዎት፣ ያለ ምክንያት እንባ ከመጣ፣ ቤተሰብ ላይ ከመቆጣት ሌላ ነገር ከጠፋ፣ ወደ ቤተሰብ ሐኪምዎ ይሂዱ። የደም ግፊትና የስኳር ምርመራ ይጠይቁ። ከሐምሌ 2015 ጀምሮ የመንፈስ ጤና ሕክምና በኩፓት ሖሊም ኃላፊነት ሥር ነው፤ ስለዚህ በዚያው በሐኪምዎ በኩል መጠየቅ መብትዎ ነው። ይህ የእብደት ሕክምና አይደለም። ሕይወት የሚያስጠላ ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ሳያድር ለሰው ይናገሩ፤ የኤራን የስልክ ቁጥር 1201 ቀንና ሌሊት ይሠራል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም»።

ለአሠሪዎችም ቃል አለን

ዛሬ ከልጆቻችን መካከል አለቃ፣ መኮንን፣ ሐኪምና ሥራ አስኪያጅ የሆኑ አሉ። በእጃችሁ ሥር የሚሠሩ ሰዎች አሏችሁና ይህን አስቡ። ፈረቃን ከሳምንት በፊት ማሳወቅ ገንዘብ አይጠይቅም። የሠራተኛን ስም በትክክል መጥራት ገንዘብ አይጠይቅም። «ይህን ሥራ እንዴት ብናደርገው ይሻላል?» ብሎ የሚሠራውን ሰው መጠየቅም እንዲሁ። የሙሴ አማት ዮቶር ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲፈርድ ባየው ጊዜ እንደሚደክም ነግሮ ሥራውን ለሌሎች እንዲያካፍል መከረው፤ ሙሴም ሰማው።

ሠራተኛው በበኩሉ ድካሙን እንደ ውርደት አይቁጠረው። ጡብ የሚጠየቅ ሰው ጭዱን መጠየቁ ስንፍና አይደለም። ትሉሹን ያንብብ፣ ዕረፍቱን ይውሰድ፣ ጓደኛውን ያማክር፣ የደም ግፊቱን ይለካ። ከዚህ ሁሉ ዛሬውኑ አንዱን ቢጀምር ለነገው ሥራ ይረዳዋል።